ስድስት ካርድ፣ አንዲት ታካሚ፦ የጤና ባለሙያዎችን የጋራ ሥልጠናና ሲሙሌሽን በኦንላይን ማካሄጃ መመሪያ

ከጥቁር አንበሳ ተነስቶ ጋንዲ መታሰቢያ ወይም ዘውዲቱ ሆስፒታል መድረስ በእግር የሚቻል ነው። ሐኪም፣ ነርስ፣ አዋላጅ፣ ፋርማሲስት፣ የላቦራቶሪና የሰመመን ባለሙያ አንድ ክፍል ውስጥ ለሁለት ሰዓት ማሰባሰብ ግን ከባድ ነው። አንዱ አዳር ወጥቷል፣ አንዷ ከሰዓት ተረኛ ናት፣ ሌላው ራውንድ (የተኙ ታካሚዎች ጉብኝት) ላይ ነው። መሃል አዲስ አበባ ላይ ኦንላይን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ርቀቱ ችግር ሆኖ አያውቅም፣ የተረኝነት ሰሌዳው ነው ችግሩ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ማዕቀፍ የሙያዎች የጋራ ትምህርት የሚባለው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሙያዎች ስለ ሌላው፣ ከሌላው፣ ከሌላውም ጋር ሲማሩ ነው። 60 ሰው ዙም ላይ ገብቶ አንድ ስፔሻሊስት ሲናገር ማዳመጡ ከሦስቱ አንዱንም አያሟላም። ብዙ ተቋማት ወደ ኦንላይን ገባን ሲሉ ያደረጉት ይህን ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር የ90 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ የሚወስድ፣ ስድስት ተሳታፊና እስከ ስድስት ታዛቢ የሚይዝ ነው።

ምን ይዛወራል፣ ምን በአካል ይቀራል

የሥልጠና ዝርዝራችሁን ለሁለት ክፈሉት። እጅ የሚጠይቀው ሁሉ (ካኑላ የሚባለውን የደም ሥር ቱቦ ማስገባት፣ በእጅ በሚጨመቀው የአየር ከረጢት በአምቡ ባግ ማስተንፈስ፣ ማህፀን ማሸት) በአካል ይቅር። በስክሪን አይቶ የተማረ እጅ ታካሚ ፊት ሲቆም ይንቀጠቀጣል። አፍ፣ ጆሮና ውሳኔ የሚጠይቀው ግን ይዛወራል፦ ርክክብ፣ የእርዳታ ጥሪ፣ የሥራ ክፍፍል፣ የመጠን ስሌት፣ ከበላይ የመጣን የተሳሳተ ትእዛዝ ደፍሮ ማስቆም። ይህኛው እንዲያውም በኦንላይን የሚሻልበት ጊዜ አለ። በሲሙሌሽን (የማስመሰል ልምምድ) ክፍል ውስጥ ዓይንና የእጅ ምልክት የተድበሰበሰውን ንግግር ይሸፍኑለታል። ድምፅ ብቻ ሲቀር ግን ያልተነገረው ነገር ወዲያው ክፍተት ሆኖ ይታያል።

ከሁለቱ መካከል የሚወድቅ አንድ ክህሎት አለ፤ የፈሰሰ ደምን በዓይን መገመት። ለዚህ ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ 100፣ 300፣ 500 እና 1000 ሚሊ ሊትር እየለካችሁ በጎዝ፣ በሞዴስና በአንሶላ ላይ አፍስሱ። ለመጠን ማነጻጸሪያ አንድ የቡና ሲኒ ከአጠገቡ አስቀምጡና ፎቶ አንሱ። ሠልጣኞች ግምታቸውን በፎርም ይላኩ እንጂ ቻት ላይ አይጻፉ፤ ቻት ላይ ከሆነ የመጀመሪያውን መልስ ሁሉም ይከተለዋል። ደሙ በበዛ ቁጥር ሰው አሳንሶ ይገምታል፤ 1000 ሚሊ ሊትር የፈሰሰበት አንሶላ ፎቶ ላይ ይህ በግልጽ ይታያል።

መረጃውን ከፋፍሉ

የሥልጠናው ዋልታ ይህ ነው። ሌላው ሁሉ ተስተካክሎ ይህ ከተበላሸ የጋራ ሥልጠና የለም።

ለሁሉም አንድ ዓይነት የታሪክ ወረቀት አትላኩ። ሁሉም ያው ወረቀት ካላቸው ሐኪሙ አንብቦ ያዛል፣ የቀሩት ያዳምጣሉ። በምትኩ ለእያንዳንዱ ሙያ የራሱን የሚና ካርድ በቴሌግራም ለብቻው ላኩ፤ ጊዜውም ክፍለ ጊዜው ሊጀመር 30 ደቂቃ ሲቀረው ይሁን። አንድ ቀን ቀድሞ ከተላከ ካርዶቹ እርስ በርስ ይለዋወጣሉ።

ለምሳሌ ከ20 ደቂቃ በፊት ሦስተኛ ልጇን የወለደች የ28 ዓመት ሴት ደም እየፈሰሳት ነው እንበል።

የአዋላጇ ካርድ፦ እንግዴ ልጁ ሙሉ ሆኖ ወጥቷል። ልጁ እንደተወለደ ማህፀን እንዲኮማተር የሚያደርገው ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት በጡንቻ ተሰጥቷል። ማህፀኑ ለስላሳ ነው፤ መቀበያው ላይ ያለው ደም 600 ሚሊ ሊትር ደርሷል። የእርግዝና ክትትል ካርዷ ላይ የደም ግፊቷ ሁለት ጊዜ 150/95 ተመዝግቧል።

የነርሷ ካርድ፦ ግፊቷ አሁን 100/60፣ የልብ ምቷ 112 ነው። ያላት ካኑላ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቀጭኑ፣ ሰማያዊው ባለ 22 ቁጥር።

የፋርማሲስቱ ካርድ፦ ማዋለጃ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ያለው ኦክሲቶሲን ከጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያው አጠገብ ለሳምንታት ተቀምጦ ነበር። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተጠብቆ የቆየው ዋናው ፋርማሲ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። የደም መፍሰስን የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ ባለ 500 ሚሊ ግራም ሁለት አምፑል ብቻ ቀርቷል።

የላቦራቶሪው ካርድ፦ የደም ዓይነቷ ኦ ኔጌቲቭ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚስማማት አንድ ከረጢት ብቻ አለ። የመጨረሻ ሄሞግሎቢኗ 9.2 ነበር።

የሰመመን ባለሙያው ካርድ፦ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ለሚቀጥሉት 15 ደቂቃዎች ተይዟል። አሁን ከተነገራቸው ግን ሁለተኛውን ጠረጴዛ ማዘጋጀት ይችላሉ።

የሐኪሙ ካርድ፦ «ወላዷ ደም እየፈሰሳት ነው፣ ዶክተር ይድረሱ» ተብለው ተጠርተዋል። ሌላ ምንም አያውቁም።

እንግዲህ ተመልከቱ። ሐኪሙ ሌላውን የማህፀን ማኮማተሪያ መድኃኒት ኤርጎሜትሪንን ካዘዙ፣ ደም ግፊት ላለባት ሴት እንደማይሰጥ የሚያስታውስ ፍንጭ ያለው አዋላጇ እጅ ነው። «ኦክሲቶሲን ድገሙ» ካሉ፣ በሙቀት ያልተበላሸው የትኛው ኦክሲቶሲን እንደሆነ የሚያውቀው ፋርማሲስቱ ብቻ ነው። ትራኔክሳሚክ አሲድ በወለደች በ3 ሰዓት ውስጥ 1 ግራም በደም ሥር፣ በ10 ደቂቃ ቀስ ተብሎ ይሰጣል፤ ስለዚህ ሁለቱም አምፑሎች በመጀመሪያው ዙር ያልቃሉ። ከ30 ደቂቃ በኋላ ደሙ ካልቆመ ሁለተኛ 1 ግራም ያስፈልጋል፤ ፋርማሲስቱ «አልቋል፣ ከአሁኑ ይፈለግ» ካላለ ማንም አያውቅም። የዚህ መድኃኒት ጥቅም በየ15 ደቂቃው መዘግየት በ10 በመቶ ገደማ ስለሚቀንስ የዝምታው ዋጋ በቁጥር የሚታይ ነው።

ካርድ ስትጽፉ የምትጠቀሙበት ፈተና ይህ ነው፦ ካርዱን አውጡትና ሕክምናው ይለወጥ እንደሆነ ጠይቁ። ካልተለወጠ ያ ሙያ ለጌጥ ነው የተጠራው። እንደገና ጻፉት። ደግሞም የሚጎድል ሙያ ካለ ነርሷን ፋርማሲስት አድርጋችሁ አታጫውቱ፤ ሚናውን ቀንሱና ካርዱ ላይ ያለውን መረጃ በአሠልጣኙ ድምፅ «ፋርማሲ ደውሏል» ብላችሁ አስገቡት። ሰው የሌላውን ሙያ ሲጫወት የሚያሳየው ስለዚያ ሙያ ያለውን የተዛባ አስተሳሰብ ነው።

ሞኒተሩ

ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ አምስት የፓወርፖይንት ስላይድ ይበቃል። ጥቁር መደብ ላይ በትልቁ የልብ ምት በአረንጓዴ፣ ኦክስጅን በሰማያዊ፣ ግፊት በነጭ ጻፉ። ስላይዶቹን የሚለዋውጠው ለዚያ ብቻ የተመደበ አንድ ስክሪን ያዥ ነው፤ ውይይቱን የሚመራው አሠልጣኝ ሁለቱንም ልያዝ ካለ አንዱን ይረሳዋል።

በመጀመሪያው ስላይድ 100/60 እና 112፣ በ4ኛው ደቂቃ 88/50 እና 128 ይታያል። በ8ኛው ደቂቃ ሦስት ነገሮች ተደርገው ከሆነ (ማህፀን ማሸት፣ ከማቀዝቀዣ የወጣ ኦክሲቶሲን፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ) 96/58 እና 116፤ አንዱ ከጎደለ 74/40 እና 142። አምስተኛው ስላይድ ባዶ ነው፤ ነርሷ «ግፊት ልለካ» ብላ ካልጠየቀች ቁጥር አይታይም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ሠልጣኞች ቁጥር በራሱ እንደማይመጣ የሚማሩበት ነው።

ከውጭ አገር የተወሰደ ስክሪፕት ላይ የኦክስጅን መጠኑን አስተካክሉ። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ጤነኛ ሰው ላይ 94 እና 95 ማየት የተለመደ ነው። ስላይዱ 99 ካለ ልምድ ያላት ነርስ ወዲያው ታሪኩን ማመን ታቆማለች።

መስመር፣ መብራት፣ ዳታ

የሠልጣኞችን ካሜራ በመግቢያና በግምገማ ውይይት ላይ ብቻ አስከፍቱ፤ በሲሙሌሽኑ ጊዜ ይዘጋ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ ዳታ፦ በ90 ደቂቃ የቡድን ቪዲዮ ለመቀበል ብቻ ከ400 ሜጋ ባይት በላይ ይበላል፤ ድምፅና የተጋራ ስክሪን ብቻ ከሆነ ግን 100 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። ሁለተኛ፣ መስመር ሲደክም ቪዲዮው ከድምፁ ጋር ይሻማል፤ እኛ ደግሞ የምናሠለጥነው ድምፁን ነው። የሠልጣኙን የዳታ ወጪ ተቋሙ ይሸፍን፤ ካልሸፈነ የሚቀሩት ተማሪዎቹና ዝቅተኛ ደመወዝተኞቹ ናቸው፣ ማለትም ድምፃቸውን በጣም የምትፈልጉት ሰዎች።

መስመሩን ሠልጣኙ በሚቀመጥበት ቦታና በዚያው ሰዓት ሞክሩት። ቢሮ ውስጥ የሠራ ኔትወርክ የድሮ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ላይሠራ ይችላል። አሠልጣኙ ጋ ሁለት መስመር ይኑር፦ አንድ ዋይፋይ፣ አንድ የሞባይል ዳታ፤ ከተቻለ አንዱ የኢትዮ ቴሌኮም፣ ሌላው የሳፋሪኮም። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ራውተሩ ግን የለውም፤ ለራውተሩ ብቻ የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ (የመጠባበቂያ ባትሪ) ይያያዝ።

ነፃው ዙም ለቡድን ስብሰባ በ40 ደቂቃ ይቋረጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚቋረጠው ደግሞ የግምገማው ውይይት በጦፈበት ሰዓት ነው። የተከፈለበት አካውንት ከሌለ ክፍለ ጊዜውን ከሲሙሌሽኑ በኋላ፣ ደግሞም ከግምገማው ውይይት በኋላ ሆን ብላችሁ ቁረጡና ሁለተኛና ሦስተኛ ሊንክ አዘጋጁ። ድምፅ ለ30 ሰከንድ ከተቋረጠ ወዴት እንደምትሻገሩ (ለምሳሌ ወደ ቴሌግራም የድምፅ ቻት) አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ስላይዶቹም በፒዲኤፍ ሆነው ስክሪን ያዡ ስልክ ላይ ዝግጁ ይሁኑ።

የጥሪው መልእክት

«በ8 ሰዓት እንገናኝ» ብላችሁ አትጻፉ። ዙም የሚልከው 2:00 ፒኤም የሚል ነው፤ ግማሹ ሰው በጠዋቱ ሁለት ሰዓት ይገባል፣ ግማሹ ከሰዓት ይጠብቃል። «ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በስልካችሁ ላይ 14:00» ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ። ቀኑንም በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር አብራችሁ አስቀምጡ። አመቺው ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የጠዋት ራውንድ አልቆ ምሳ ከተበላ በኋላ ነው። ከአዳር የወጣን ሰው በዚያው ቀን አትጥሩ።

ሲሙሌሽኑ ከመጀመሩ በፊት ያሉት 20 ደቂቃዎች

የመጀመሪያው 10 ደቂቃ ለድምፅ ፍተሻ ነው። እያንዳንዱ ሰው ስሙን ከነሙያው ይቀይር፤ በስሙ ፋንታ የስልኩን ሞዴል ስም ይዞ የገባ ሰው አይቆይ። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው በሁለት ስልክ ከገባ ጩኸት ይፈጠራል፤ አንዱ የጆሮ ማዳመጫ ያድርግ፣ አለዚያም ሌላ ክፍል ይሂድ። ግማሹ ሲሙሌሽን ክፍል ተሰብስቦ ግማሹ በስልክ ከሆነ ደግሞ በክፍሉ ያሉት እርስ በርስ ያወሩና በመስመር ያሉት ተመልካች ይሆናሉ። አንድ ሰው በመስመር ከሆነ ሁሉም በመስመር ይሁን።

ቀጣዩ 10 ደቂቃ ለውል ነው። ሦስት ነገር በግልጽ ተናገሩ፦ ይህ ፈተና አይደለም፣ ስሕተት እዚሁ ይቀራል፣ አይቀረጽም። መቅረጽ የግድ ካስፈለገ የሁሉም ፈቃድ አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰድ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የእውነተኛ ታካሚ ፎቶ፣ የካርድ ቁጥር ወይም የላቦራቶሪ ውጤት ስላይድ ላይ በፍጹም አይግባ።

ከዚያ የንግግር ሕጉን አስተዋውቁ። ትእዛዝ በስምና በሙያ ይጠራል፤ «አንድ ሰው ያምጣልኝ» የሚለው ለማንም አይደለም። ተቀባዩ የሰማውን ይደግማል፣ ሲጨርስ ደግሞ መጨረሱን ያሳውቃል። «እሺ ዶክተር» መልስ አይደለም። «እሺ» በእኛ ዘንድ መስማትንም፣ አክብሮትንም፣ አለመስማማትንም ሊይዝ ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ በስልክ አይለይም። እንዲህ ይሁን፦

«ሲስተር፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም በደም ሥር፣ በ10 ደቂቃ ይስጡልኝ።»
«ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም፣ በደም ሥር፣ በ10 ደቂቃ። ጀምሬያለሁ።»

በደካማ መስመር «አምስት» እና «አሥራ አምስት» ይደባለቃሉ። መጠን ሲነገር ቁጥሩ ተነጣጥሎ ይደገም፦ «አሥራ አምስት፣ አንድ አምስት»። ሪፖርት ሲቀርብ ደግሞ የኤስባር ቅደም ተከተል ይያዝ፤ ሁኔታው፣ ዳራው፣ ግምገማዬ፣ የምጠይቀው። አራተኛው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ለበላይ «እንዲህ ቢደረግ» ማለት ድፍረት ስለሚመስል ነው። ድፍረት አለመሆኑን አሠልጣኙ በቃሉ ያረጋግጥላቸው።

የሲሙሌሽኑ 12 ደቂቃዎች

አሠልጣኞች ማይካቸውን ይዝጉ። የካሜራ ጥያቄ የሚያነሳ ሰው ካለ ስክሪን ያዡ በግል ቻት ይመልስ። ዝምታ ሲወርድ ለመሙላት አትቸኩሉ፤ በመስመር ላይ 10 ሰከንድ እንደ ደቂቃ ይረዝማል፣ ግን ደፍሮ የሚናገረው ሰው የሚወጣው ከዚያ ውስጥ ነው። ጣልቃ የምትገቡት 40 ሰከንድ ሙሉ ማንም ካልተናገረ ብቻ ነው፤ ያኔም መፍትሔ አትስጡ፣ ስላይዱን ቀይሩ።

ታዛቢዎች አንድ አንድ ሥራ ይያዙ። አንዷ ያልተደገሙ ትእዛዞችን ትቁጠር፣ አንዱ እያንዳንዱ ካርድ ላይ ያለው ቁልፍ መረጃ በስንተኛው ደቂቃ እንደተነገረ ይመዝግብ፣ ሌላው ማን ስንት ጊዜ እንደተናገረ ይያዝ። ያለ ሥራ የተቀመጠ ታዛቢ ሌላ ገጽ ይከፍታል።

የግምገማው ውይይት

ሲሙሌሽኑ 12 ደቂቃ ከሆነ የግምገማው ውይይት (ዲብሪፊንጉ) 30 ደቂቃ ይውሰድ። ትምህርቱ ያለው እዚህ ነው፤ ጊዜ ሲያጥር ግን መጀመሪያ የሚቆረጠው ይኸው ነው። አይቆረጥ።

የሚመሩት ሁለት አሠልጣኞች ይሁኑ፣ ከሁለት የተለያዩ ሙያዎች። ሁለቱም ሐኪም ከሆኑ ውይይቱ ወደ ራውንድ ይለወጣል። ካሜራ ይከፈት። መጀመሪያ ሁሉም ለአንድ ደቂቃ በዝምታ ሁለት መስመር ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ የሚናገረው የመጀመሪያ ሰው ፋርማሲስቱ ወይም የላቦራቶሪ ባለሙያው፣ የመጨረሻው ሐኪሙ ይሁን። ሐኪሙ ቀድሞ ከተናገረ የቀሩት የሚያደርጉት ማጽደቅ ነው።

«ለምን አልተናገርሽም?» ክስ ነው። «4ኛው ደቂቃ ላይ ግፊቷ ሲወርድ ምን እያሰብሽ ነበር?» ግን ጥያቄ ነው። ታዛቢው የመዘገበውን ደቂቃ አንሱ፦ «የ150/95ቱ ነገር በ7ኛው ደቂቃ ነው የተነገረው፤ ቀድሞ እንዳይነገር ምን ያዘው?» መልሱ ብዙ ጊዜ «ዶክተሩ የሚያውቁት መስሎኝ» ነው። እዚያ ላይ ቆዩ፣ ሐኪሙም ምን እንደማያውቁ በራሳቸው አፍ ይንገሯቸው። ካርዶቹ በዚህ ሰዓት ስክሪን ላይ ሁሉም ጎን ለጎን ይውጡ፤ ስድስቱ አንድ ላይ ሲታዩ ታካሚዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ሆና ትታያለች።

ታዛቢዎችን በትንንሽ ክፍሎች መከፋፈል ከፈለጋችሁ በእጅ ደልድሉ። አውቶማቲክ ድልድሉ ሦስት ነርሶችን አንድ ላይ ያደርግና የጋራ ትምህርቱን ያፈርሰዋል።

ከዚያ ያንኑ ታሪክ ለ12 ደቂቃ እንደገና አስኬዱት፣ በያሉበት ሚና። ሁለት ፍንጭ ብቻ ቀይሩ፤ ለምሳሌ ኦክሲቶሲኑ ደኅና ይሁን፣ ነገር ግን የእርግዝና ክትትል ካርዷ ላይ የከባድ አስም ታሪክ ይውጣ፤ ካርቦፕሮስት የሚባለውን፣ ለአስም ታማሚ የማይሰጥ መድኃኒት ለማዘዝ የሚያስብ ሰው ያንን መስማት አለበት። ሁለተኛውን ዙር ያላደረገ ቡድን ስሕተቱን አውቆ ማረሚያውን ሳይለማመድ ይሄዳል። የመጨረሻው 10 ደቂቃ ለጥያቄና እያንዳንዱ በሚቀጥለው ተረኝነቱ የሚሞክረውን አንድ ነገር በቻት እንዲጽፍ ነው።

በኋላ የሚደረግ

በሁለት ሳምንት ውስጥ ያንኑ ቡድን፣ ወይም በተረኝነት የተገኙትን ብቻ፣ ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ለ15 ደቂቃ በአካል አሰባስቡ። ማኔኪን (የሥልጠና አሻንጉሊት) ከሌለ ትራስ ይበቃል፤ እዚህ የሚለካው እጁ መንገዱን ማወቁ ነው። አምቡ ባጉ የት እንደተቀመጠ፣ ሰፋፊዎቹ 16 እና 18 ቁጥር ካኑላ በየትኛው መሳቢያ እንዳለ፣ ከማዋለጃ ክፍሉ እስከ ዋናው ፋርማሲ ማቀዝቀዣ ደርሶ ለመመለስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በሰዓት ይለካ። ያ ደቂቃ ከ3 ከበለጠ፣ ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ትንሽ ማቀዝቀዣ እንዲገባ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጻፉ፤ ደብዳቤው ላይ አዋላጇ፣ ፋርማሲስቱና ሐኪሙ ሦስቱም ይፈርሙበት።